ከወይራው ሥር የነበሩት ሦስት ድንጋዮች

ከማዘጋጃ ቤት ሥራዬ የተሰናበትሁት የሲሚንቶ ንጣፍ የሚያወጣው ማሽን በመጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። ማሽኑ በአንድ ቀን የሚያወጣውን እኔ በወር ጠርቤ አልጨርስም። አለቃዬ የጡረታዬን ወረቀት ሲሰጠኝ፣ እንግዲህ እጅዎን ያሳርፉ አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን እጄን ማሳረፍ ስላልቻልሁ በማታ ትምህርት ቤት አንደኛ ዓመት ተመዘገብሁ። መምህራችን የልጅ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፤ እያንዳንዳችን ከማንም የተሻለ የምናውቀውን ነገር እንድንጽፍ አዘዘን። እኔ ከማንም የተሻለ የማውቀው የሰው ደጅ በድንጋይ ማንጠፍ ነው።

በመጀመሪያ ደስ የሚለውን ብቻ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። ሁለት ገጽ ያህል ከጻፍሁ በኋላ ቀደድሁት። ሥራውን ያስተማሩኝን ሰው ሳላነሳ ስለ ሥራው መጻፍ አልሆነልኝም። እሳቸውን ካነሳሁ ደግሞ እንዴት እንደሞቱ መናገር አለብኝ።

የተወለድሁት ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ሥር ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሚስት አግብቼ ጎጆ ወጥቼ ነበር። አርበኞች በመንደራችሁ አድረዋል ተብሎ ቤታችን ተቃጠለ፣ ከብታችን ተነዳ። ባለቤቴን ወላጆቿ ዘንድ አስቀምጬ ሥራ ፍለጋ ወረድሁ። በመጀመሪያ የተቀጠርሁት በጉንደ ወይን በኩል ይወጣ በነበረው መንገድ ላይ ድንጋይ ፈላጭ ሆኜ ነው። ካቦው በሊሬ ይከፍለናል፤ ሊሬው የገብስ ቆሎ ከመግዛት አያልፍም ነበር። እዚያ ከታመሙት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ስለ መንገዱ ሥራ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አያ ውበቱ ያገኙኝ እዚያ ነው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢው የመኳንንቱን ደጅ በማንጠፍ የታወቁ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሊመርጡ ወደ መፍለጫው መጥተው፣ አንዱን ድንጋይ ከመምታቴ በፊት ገልብጬ ሳየው ተመለከቱኝ። ለምን እንደገለበጥሁት ጠየቁኝ። የሚሰነጠቅበትን መስመር ለማየት ነው አልኋቸው። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁ፤ ማንም እንዳላስተማረኝ፣ የእርሻ ካብ ስክብ እንደለመድሁት ነገርኋቸው።

«የሮብ ገበያ በሬ ከመውጋቱ በፊት ያስባል ማለት ነው» ብለው ሳቁብኝ። በማግሥቱ ካቦውን አስፈቅደው ወሰዱኝ።

የኛን አገር ክረምት የማያውቅ ሰው ደጅ ማንጠፍ ምን እንደሚጠቅም አይገባው ይሆናል። ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ሲዘንብበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ድረስ ያለው ሃያ እርምጃ በሐምሌ የበቅሎ ጉልበት ይውጣል። ሕመምተኛ በቃሬዛ ማውጣት፣ እንስራ ተሸክሞ መግባት፣ እንግዳ መቀበል ሁሉ መከራ ይሆናል። የተነጠፈ ደጅ ያለው ቤት ግን ክረምቱን ሙሉ እንደ በጋ ይኖራል።

አያ ውበቱ አንድ ግቢ ሲገቡ መጀመሪያ ውኃ ያስቀዱ ነበር። አንድ እንስራ ውኃ በቤቱ በር ላይ ያፈሱና ቁጭ ብለው የሚሄድበትን ያያሉ። ውኃው ወደ ቤቱ ከዞረ መሬቱን እንደ አዲስ እናስተካክላለን፤ በየአንድ እርምጃው የአንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ዝቅ እንዲል። ከዚያ ቁፋሮ ነው። ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅና ቀዩ እስኪወጣ ድረስ፣ ክንድ ሙሉም ቢሆን፣ ያስቆፍሩኛል። በምትኩ ጠጠር እንሞላለን፣ እንጠቀጥቃለን፣ በላዩ የወንዝ አሸዋ እናለብሳለን። ድንጋዩ ሻካራ ሆዱ ወደ ታች፣ ለስላሳ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል። የአራት ድንጋይ ማዕዘን በአንድ ነጥብ እንዲገናኝ ፈጽሞ አይፈቅዱም፤ እዚያ ላይ አንዱ ከተነሳ አራቱም ይነሳሉ ይሉ ነበር።

ሁሉ ካለቀ በኋላ የመዶሻቸውን እጀታ ይዘው እያንዳንዱን ድንጋይ አንኳኩተው ያዳምጣሉ። በደንብ የተቀመጠ ድንጋይ ድምፁ ይደፈናል። ሥሩ ያልሞላ ግን ባዶ ገንቦ ይመስል ያስተጋባል። ባዶ ያለ ድንጋይ ይነሳል እንጂ አይታለፍም። አንድ ጊዜ አንድ መሪጌታ ቤት ሥራውን ጨርሰን እራት ቀርቦልን ሳለ ከገበታው ተነስተው ሄደው አንድ ድንጋይ ነቅለው መልሰው ተክለዋል። ወጡ በረደ ብዬ አጉረመረምሁ። ወጥ ሲበርድ ይሞቃል፤ ስም ሲበርድ በምን ይሞቃል ብለው ዝም አሰኙኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጆሮዬ እንደሳቸው መስማት ጀመረ። በዚህ እኮራ ነበር።

ወደ አንድ የጣሊያን ካፒቴን ግቢ የተጠራነው አያ ውበቱ በወሰዱኝ በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ግቢው ጫካ የገቡ የአንድ ፊታውራሪ ነበር። ካፒቴኑ ትልቁን ቤት ወስዶ የፊታውራሪውን ባለቤት ወይዘሮ ጥሩነሽን ከጓሮ ባለችው ማድ ቤት አስቀምጧቸዋል። ወደ ግዞት ያልተላኩት፣ ባላቸው ለሳቸው ሲሉ ይመጡ ይሆናል ተብሎ ስለተያዙ ነው። ካፒቴኑ አንድ ትልቅ ሹም ስለሚጎበኘው ከአጥሩ በር እስከ በረንዳው ያለው ደጅ በሙሉ ሐምሌ ሳይገባ እንዲነጠፍ አዘዘ።

አንባቢ እንዳይቸገር፣ እኔ ዘግይቼ ያወቅሁትን እዚሁ ልናገር። በዚያ ደጅ በስተ ቀኝ ባለው ወይራ ሥር የድሮ የእህል ጉድጓድ ነበር። አፉ በእንጨትና በጭቃ ተደፍኖ ሣር ስለበቀለበት አይታይም። በውስጡ እህል አልነበረም። ፊታውራሪው ሰው እስኪልኩ ድረስ በቆዳ የተጠቀለሉ ጠመንጃዎች ይጠብቁ ነበር። በግቢው ይህን የሚያውቁት ወይዘሮ ጥሩነሽ ብቻ ነበሩ። እኛ ክንድ ሙሉ እየቆፈርን ወደ ወይራው ስንጠጋ ጊዜ ግን ለአያ ውበቱ ነገሯቸው።

ሲነግሯቸው አይቻለሁ። ጠላ ይዘውልን መጥተው፣ አያ ውበቱ ዋንጫውን ሲቀበሏቸው በዝግታ ጥቂት ቃል ተናገሩ። አያ ውበቱ ጠላውን ሳይጨርሱ አስቀመጡት። ከዚያ ወደኔ መጥተው ቁፋሮው ከወይራው አራት እርምጃ ሲቀረው እንዲያቆም አዘዙኝ። ዋልካው ገና እንዳልተነሳ ነገርኋቸው። መሬቱ ሥር ስለያዘው ጠንካራ ነው አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጥቁር አፈር ሲያልፉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግሥቱ አሸዋ እንዳስጭን ወደ ወንዝ ላኩኝ። ስመለስ የወይራው ሥር ተነጥፎ አልቋል።

በሳምንቱ እንደ ልማዴ እያንኳኳሁ ስሄድ ከወይራው ሥር ያሉት ሦስት ድንጋዮች ባዶ አሉ። ደግሜ አንኳኳሁ። ባዶ ናቸው። አያ ውበቱ ከሩቅ ሰምተው መጡ።

«እሱን ተወው» አሉኝ። «ማንም ስለዚህ ቦታ ቢጠይቅህ፣ አያ ውበቱ ያውቃሉ በል። ሌላ ቃል አትጨምር። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አልሁ።

የሰማሁት ግን በጆሮዬ ብቻ ነበር። በልቤ ያሰብሁት፣ አያ ውበቱ አረጁ፣ ጆሯቸው ደከመ፣ ስህተታቸውን ሰው እንዲያውቅባቸው አልፈለጉም ብዬ ነው። አዘንሁላቸው። እሳቸው ሳያዩኝ አንድ ቀን አንስቼ እሞላዋለሁ ብዬም አሰብሁ፤ ስማቸውን እንዳድን።

ሥራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አያ ውበቱ የበሩን መርገጫ የሚሆን ድንጋይ ሊመርጡ ወደ ወንዝ ወረዱ። እኔ ብቻዬን ነበርሁ። ካፒቴኑ ከአስተርጓሚው ጋር ከቤት ወጣ። አስተርጓሚው ከሩቅ አገር የመጣ፣ ሰፊ ኮት የሚለብስ፣ በኛ አነጋገር መቀለድ የሚወድ ወጣት ነበር። ካፒቴኑ ንጣፉን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰበት፣ በጫማው ተረከዝ መታ መታ አደረገው፣ ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ።

«እጅህ ጥሩ ነው ይልሃል» አለ አስተርጓሚው። «እኔስ ጎጃሞች ከቅኔ ሌላ የምታውቁት ያለ አይመስለኝም ነበር።»

በሕይወቴ ከአያ ውበቱ በቀር ማንም ሥራዬን አመስግኖ አያውቅም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ምስጋናቸው ስድብ ነው። ጠላት ይሁን ወዳጅ፣ ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

አስተርጓሚው ቀጠለ። የሚመጣው ሹም እግሩን ስለሚያመው መኪናው እስከ በረንዳው ድረስ እንደሚገባ፣ ንጣፉ መኪና ይሸከም እንደሆነ ካፒቴኑ ማወቅ እንደሚፈልግ ነገረኝ። መልሴ ቀላል ነበር። አያ ውበቱ ያውቃሉ ማለት ብቻ። ነገር ግን የታየኝ መኪናው በባዶዎቹ ድንጋዮች ላይ ሲያልፍ፣ ሲሰበሩ፣ አያ ውበቱ በሽማግሌነታቸው ሲገረፉ ነው። ደግሞም እንደ ባለሙያ ተጠይቄ እንደ ባለሙያ መመለስ አማረኝ።

«ሁሉም ይሸከማል ጌታዬ» አልሁ። «ከወይራው ሥር ያሉት ሦስቱ ግን ባዶ ይላሉ። እነሱን አንስተን እስክንሞላ መኪና አይለፍባቸው።»

«ባዶ ማለት?»

«ከሥራቸው ያለው አልተሞላም።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። የካፒቴኑ ፈገግታ ጠፋ። ሌላው ሁሉ ሲሞላ ያ ቦታ ለምን ባዶ ሆነ ብሎ አስጠየቀኝ። ሥር ስለያዘው ነው አልሁ፤ ያኔ ግን ድምፄ ተለውጦ ነበር፤ ምክንያቱም በካፒቴኑ ትከሻ በኩል ወይዘሮ ጥሩነሽን አይቻቸዋለሁ። በማድ ቤቱ ደጃፍ ወንፊት ይዘው ቆመዋል። እጃቸው ቆሟል። ዱቄቱ ከወንፊቱ ዳር እየፈሰሰ እግራቸው ላይ ይወርዳል፤ እሳቸው አያዩትም።

ወታደሮች ዲጂኖ ይዘው መጡ። ሦስቱ ድንጋዮች በቀላሉ ተነሱ። ከሥራቸው ጥቂት አሸዋ፣ ከአሸዋው ሥር ደግሞ ሁለት ረጃጅም ድንጋዮች ወጡ። እንደ መቃን ተጠርበው፣ ጎን ለጎን ተገጥመው፣ ጫፎቻቸው ከጉድጓዱ ወዲያና ወዲህ በጠንካራ መሬት ላይ ያረፉ። አያ ውበቱ በአንድ ቀን፣ ብቻቸውን፣ በስልሳ ዓመታቸው የሠሩት ድልድይ ነበር። ድንጋዮቹ ባዶ ያሉት ሥራው ስለተበላሸ አልነበረም። መኪና አይደለም፣ ሌላም ቢጫንበት የሚነቃነቅ አልነበረም። እንደዚያ ያማረ ሥራ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አላየሁም። ይህን ሁሉ ያየሁት ወታደሮቹ ድልድዩን እስኪያፈርሱት ድረስ ባለችው ጥቂት ጊዜ ነው። ከዚያ ጠመንጃዎቹ አንድ በአንድ ወጡ።

ሮጬ አያ ውበቱን ላስጠነቅቅ ብል አንዱ ወታደር ከአጥሩ ጋር አጣብቆ ይዞኛል። እንዳይመጡ ለመንሁ፤ በልቤ ማለቴ ነው። ፀሐይ አዘቅዝቃ ሳለ ድንጋይ የጫኑ ሁለት አህዮች እየነዱ በአጥሩ በር ገቡ። የተከፈተውን ጉድጓድ አዩ። አልሸሹም፤ የሚሸሹበትም አልነበረም። መጀመሪያ የአህዮቹን ጭነት ፈቱ።

አስተርጓሚው ማን እንደሠራው ጠየቃቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ወደኔ አመለከቱ። «እሱ አሸዋ ተሸካሚ ነው። የሚያውቀው ነገር የለም።»

አስተርጓሚው ሳቀ። «የሚያውቀው ነገር የለም? የነገረን እሱ ነው እንጂ።»

አያ ውበቱ ያን ጊዜ አዩኝ። የቁጣ ፊት አልነበረም። ንጣፍ ሲመረምሩ የሚያሳዩት ፊት ነበር።

«ጆሮህ አልተሳሳተም» አሉኝ። «ግን እኔን መጠየቅ ነበረብህ።»

ለኔ የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ወይዘሮ ጥሩነሽን በዚያው ዕለት በካሚዮን ጭነው ወሰዷቸው፤ የት እንዳደረሷቸው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አያ ውበቱን በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ በገበያው መካከል ሰቀሏቸው። የግቢው ሠራተኞች ሁሉ ቆመን እንድናይ ታዘዝን። ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም፤ ያየሁት እግራቸውን ብቻ ነው። የወንዝ አሸዋ በጣቶቻቸው መካከል ደርቆ ነበር። እስከ ሰኞ እንዲወርዱ አልተፈቀደም። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ከገበያው ዳር፣ ወታደሮቹ ከከለከሉት መስመር ወዲህ፣ ሦስቱንም ቀን ተቀምጠው ዋሉ።

እኔን ካፒቴኑ ሥራውን እንድጨርስ አዘዘኝ። ጨረስሁ። ጉድጓዱን በየስንዝሩ እየጠቀጠቅሁ ሞላሁት፣ ሦስቱን ድንጋዮች መልሼ ተከልሁ፣ አንኳኳሁ፤ ድምፃቸው ተደፈነ። ሹሙ በመኪና መጥቶ በላያቸው አለፈ። ካፒቴኑ ማኅተም ያለበት የሠራተኛ ወረቀት ሰጠኝ። ያ ወረቀት ከሁለት አፈሳ አድኖኛል። ሌሎች እየታፈሱ ሲሄዱ እኔ እያሳየሁት አለፍሁ። ባሳየሁት ቁጥር ምን እንደሚሰማኝ መምህራችን ቢጠይቀኝ እንኳ በደንብ መጻፍ የምችል አይመስለኝም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ፊታውራሪው ከጫካ ተመለሱ። ጉድጓዱን ማን እንዳጋለጠባቸው ሲያጠያይቁ ሰው ሁሉ አስተርጓሚው ነው አለ። እሱ ከጣሊያኖቹ ጋር ጠፍቶ ስለነበር የሚመልስ አልነበረም። እኔም ዝም አልሁ። ፊታውራሪው የአያ ውበቱ ደቀ መዝሙር ነህ ብለው ሸማ አለበሱኝ። ለበስሁት። ከዚያም የአያ ውበቱን ስም እያነሱ ባለ ቤቶች ይጠሩኝ ጀመር፤ የዳኛ ደጅ፣ የነጋዴ ደጅ፣ የቄስ ደጅ አነጠፍሁ። ሥራ ሞልቶኝ ነበር።

ወደ እትዬ የሺ ቤት የሄድሁት ከነጻነቱ በሁለተኛው ክረምት ነው። እስከዚያ ድረስ ገበያ ላይ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። ያን ጊዜ የበኩር ልጄ ተወልዶ ስም ልናወጣለት ስንል ባለቤቴ ለምን ውበቱ አንለውም አለችኝ። አይሆንም አልሁ።  በማግሥቱ ተነስቼ ሄድሁ።

ቤታቸው ከከተማው ዳር ነው። ደጁ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ነበር። አያ ውበቱ የስንቱን ደጅ ሲያነጥፉ የራሳቸውን አንድ ቀን እንኳ አልነኩትም ነበር። እትዬ የሺ መደብ ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ካፒቴኑ የጠየቀኝን፣ የመለስሁትን፣ ደስ እንዳለኝም ጭምር። ለቀማውን አላቋረጡም።

«እስር ቤት ሳለ ስንቅ አስገብቼለት ነበር» አሉ ስጨርስ። «ያ ልጅ ተረፈ ወይ አለኝ። ተርፏል አልሁት።»

«ሌላ አላሉም?»

«ሌላ አላለም።»

እንክርዳዱን ከገብሱ ለይተው ጣሉ።

«አንተስ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠራ ቆየህ?»

«ደጅ ሳነጥፍ።»

«የሰው ደጅ።»

«የሰው ደጅ» አልሁ። ከዚያ፣ «እትዬ፣ ይፍቀዱልኝ፣ ይህን ደጅ ላንጥፍልዎ» አልኋቸው።

«እጁ ያንተ ነው» አሉ፤ ተነስተው ገብሱን ይዘው ገቡ።

ፈቀዱም አልፈቀዱም አላውቅም። በማግሥቱ ግን ጀመርሁ። በዝናብ የሚጀመር ሥራ አይደለም፤ በጋን ለመጠበቅ ግን አልቻልሁም። ዋልካውን ክንድ ሙሉ አወጣሁ፣ ጠጠር ከወንዝ በጀርባዬ አመላለስሁ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ሦስትና አራት ጊዜ እያነሳሁ ተከልሁ። ሃያ ሰባት ቀን ፈጀብኝ። እትዬ የሺ አንድም ቀን አልከለከሉኝም፣ አንድም ቀን ውኃ አላቀረቡልኝም። ስጨርስ በሩን አንኳኩቼ ማለቁን ነገርኋቸው። ሰምቻለሁ አሉ ከውስጥ።

ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየኋቸው። ከደጃፋቸው ወረዱ፣ ንጣፉን አዩት፣ ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎኑ ባለው ጭቃ ገብተው ሄዱ። ሲመለሱም እንደዚያው፤ ቋጠሯቸውን ተሸክመው፣ በጭቃው፣ ከንጣፉ አንድ ክንድ ርቀው።

አሥራ አንድ ክረምት እንዲሁ ሄዱ። ጎረቤት ይገረማል፣ አንዳንዱም ያሾፋል፤ አንዲት ጎረቤታቸው፣ የሺ ንጣፉን ለመልአክ አስቀምጣዋለች ትል ነበር። የመጣው እንግዳ ሁሉ በድንጋዩ ላይ ይሄዳል፣ ዶሮዎቻቸው እንኳ ይሄዱበታል። እሳቸው ብቻ በጭቃው። እኔ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ሄጄ አረሙን እነቅላለሁ፣ አሸዋ የጎደለበትን እሞላለሁ። ሰላም ስላቸው ሰላም ይሉኛል። ስለ ንጣፉ አንድ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። አንድ ጊዜ በነሐሴ አዳልጧቸው ወድቀው እጃቸው ተሰበረ፤ ሰምቼ ስሮጥ ሄድሁ። በታሰረ እጃቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምንም ሳልናገር፣ «አትድከም» አሉኝ።

ያረፉት በሐምሌ ነው። ዝናቡ ከሌሊቱ ጀምሮ አላባራም ነበር። ቃሬዛውን ስድስት ሰዎች ተሸከሙ፤ አንዱ እኔ ነበርሁ፣ ከፊት በስተ ግራ። ከደጃፉ ስንወጣ ጭቃው ጉልበት ይደርስ ስለነበር ከጎኔ በስተ ቀኝ የነበረው ሰው ሳያስብ በንጣፉ ላይ ረገጠ፤ ሌሎቻችንም ተከተልን። እኔ ከመርገጤ በፊት አንድ ጊዜ አመነታሁ፤ ከኋላዬ ያለው ገፋ አደረገኝ። እስከ አጥሩ በር ድረስ ስድስታችን ከነቃሬዛው ተጭነን ስናልፍ አንድም ድንጋይ አልተነቃነቀም።